ቀለም እንደ ውሃ ሲወርድ

በዚህ ወር የማስተዋውቃችሁ ሰው ሠዓሊ ነው። ከሰውየው በፊት ግን ሥዕሉን ላሳያችሁ።

የአንድ ሰፊ ሳሎን ግድግዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሸፍን ሰሌዳ በዓይነ ኅሊናችሁ ሣሉ። መደቡ ጥቁር ነው፤ ጨረቃ ያልወጣችበት ሌሊት ዓይነት ጥቁር። ከላይኛው ጠርዝ ነጭ ውሃ ቁልቁል ይወርዳል። አንዱ ጅረት ወፍራም ነው፣ ሌላው እንደ ፈትል ቀጥኗል። ታች ሲደርስ ይበተንና ጉም ይሆናል። ዛፍ፣ ወፍ፣ ሰው፣ ሰማይ የለበትም። ያለው ውሃና ጨለማ ብቻ ነው። እንዲያም ሆኖ ጥቂት ደቂቃ ከቆማችሁበት የውሃው ድምፅ ጆሯችሁ የገባ፣ ቅዝቃዜውም ፊታችሁን የነካ ይመስላችኋል።

አሁን ጠጋ በሉና ሠዓሊው ብሩሹን ያሳረፈበትን ቦታ ፈልጉ። በነጩ ውሃ ላይ አታገኙትም። ሠዓሊው ቀለሙን ከሰሌዳው አናት ላይ አፍስሶ ለቆታል፤ ወደ ታች ያወረደው የምድር ስበት ነው። ፏፏቴስ የሚወርደው በዚሁ መንገድ አይደል?

የዚህ ሥራ ባለቤት ጃፓናዊው ሂሮሺ ሴንጁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 በጣሊያኗ ቬኒስ በተካሄደው ታላቅ የሥነ ጥበብ ቢየናሌ 14 ሜትር ስፋት ያለውን «ዘ ፎል» የተባለ ፏፏቴውን አቅርቦ የክብር ሽልማት አግኝቷል። በሥዕል ይህን ሽልማት በማግኘት የመጀመሪያው እስያዊ ሠዓሊ ተብሎ ይጠቀሳል። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ እሱ ልጽፍላችሁ የፈለግሁት ግን በሽልማቱ ምክንያት አይደለም። በብዙዎቻችን ቤት የሚነሡ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው፣ ከወላጆቻችን የተረከብነውን ነገር ለልጆቻችን እንዴት እናውርስ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ልጃችን «በራሴ መንገድ ልሂድ» ሲል ምን እናድርግ የሚል ነው። የሴንጁ ሥራና ሕይወት ለሁለቱም የሚነግረን ነገር አለው።

ድንጋይ፣ ዛጎልና ሙጫ

ሴንጁ የሚሠራበት የአሣሣል ዘዴ ኒሆንጋ ይባላል፤ ትርጉሙ «የጃፓን ሥዕል» ማለት ነው። ኒሆንጋን ከሌላው የሚለየው በመጀመሪያ ደረጃ የሚሠራበት ነገር ነው። በቱቦ ታሽጎ ከሱቅ የሚገዛ የዘይት ቀለም የለውም። ሠዓሊው ቀለሙን ልክ እንደ ወጥ በየዕለቱ ራሱ ማሰናዳት አለበት።

ቀለሙ የሚገኘው ከማዕድን ነው። ሰማያዊው አዙራይት ከሚባል ድንጋይ፣ አረንጓዴው ደግሞ ማላካይት ከሚባል ድንጋይ ይወጣል። ድንጋዩ ይወቀጣል፣ ይፈጫል፣ ይታጠባል፣ ከዚያም እንደ ቅንጣቱ መጠን እየተለየ ቁጥር ይሰጠዋል። በርበሬና ሽሮ ያስፈጨ ሰው እዚህ ላይ የሚገባው ነገር አለ፦ ከአንዱ ድንጋይ ብዙ ዓይነት ቀለም ይወጣል። እንደ ቅንጬ ሻከር ያለው ቅንጣት ጥልቅ ሰማያዊ ይሰጣል፤ እየላመ በሄደ ቁጥር እየፈዘዘ ይመጣና መጨረሻ ላይ ነጣ ያለ የሰማይ ቀለም ይሆናል። ድንጋዩ አንድ ነው፤ ልዩነቱ በመፍጨቱ ነው። ሻካራው ቅንጣት ብርሃን ሲያርፍበት ብልጭ ብልጭ ይላል። በዚህ ቀለም የተሠራን ሥዕል በፎቶግራፍ ማየት የማያጠግበውም ለዚህ ነው።

ነጩ ቀለም ጎፉን ይባላል። የሚሠራው ከኦይስተር ዛጎል ነው። ዛጎሉ ደጅ ላይ ተከምሮ ለዓመታት ፀሐይና ዝናብ ይፈራረቁበታል፤ ሲልም ይፈጫል። ሠዓሊው ዱቄቱን ከሙጫ ጋር ያሸዋል፣ እንደ ሊጥ ያድቦለቡለዋል፣ ከዚያም ሳህን ላይ ደጋግሞ ይመታዋል። ይህ ካልተደረገ ነጩ ቀለም ወረቀቱ ላይ እኩል አይቀመጥም። ሴንጁን ዓለም ያወቀው በነጭ ውሃው እንደመሆኑ፣ የዛጎል ነጭ በዚህ የአሣሣል ዘዴ ውስጥ ምን ያህል ቦታ እንዳለው መገመት አያዳግታችሁም።

የድንጋይ ዱቄት በራሱ ወረቀት ላይ አይጣበቅም። የሚያጣብቀው ኒካዋ የሚባል፣ ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የሚወጣ ሙጫ ነው። ደረቁ ሙጫ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ ከዚያ በፈላ ውሃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ ቀስ ብሎ ይቀልጣል። እሳት በቀጥታ ከነካው ወይም ከፈላ ጉልበቱን ያጣል። ከበዛ ቀለሙ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፤ ካነሰ ደግሞ ዱቄቱ ከዓመታት በኋላ ይረግፋል። ሲሞቅ ስለሚበላሽም ብዙ አዘጋጅቶ ማስቀመጥ አይቻልም። መጠኑን የሚነግረው መጽሐፍ ሳይሆን ልምድ ነው። እናቶቻችን «በዓይን ልክ» የሚሉት ነገር ማለት ነው።

ወረቀቱም ቢሆን ተራ ወረቀት አይደለም። ዋሺ የሚባለው የጃፓን ባህላዊ ወረቀት ኮዞ ከሚባል ተክል ልጥ በእጅ ይሠራል። ልጡ ተቀቅሎና ተቀጥቅጦ ቃጫው በውሃ ውስጥ ሲበተን በወንፊት መሰል ሰሌዳ ይጨለፋል። ቃጫው ረጅም ስለሆነ ወረቀቱ ቀላልም ጠንካራም ነው። በእጅ የሚሠራው ዋሺ በ2014 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገብቷል።

የእኛ የብራና ጸሐፊዎችም ለዚህ እንግዳ አይደሉም። ቆዳ ፍቀው ብራና ያወጣሉ፣ ከጥቀርሻ ጥቁር ቀለም ያዘጋጃሉ። በጃፓንም ሱሚ የሚባለው ጥቁር ቀለም ከጥቀርሻና ከእንስሳ ሙጫ ነው የሚሠራው። ሁለቱ አገሮች ሳይተዋወቁ ለተመሳሳይ ችግር ተቀራራቢ መልስ ማግኘታቸው ደስ አይልም?

ስሙ ከዘዴው ያነሰ ዕድሜ አለው

«ኒሆንጋ» የሚለው ቃል የጥንት ይመስላል። ዘዴው በእርግጥም ከሺህ ዓመት በላይ የቆየ ሲሆን መሠረቱ ከቻይናና ከኮሪያ የመጣ ነው። ስሙ የተለመደው ግን በ19ኛው መቶ ዘመን መገባደጃ ላይ ነው። ጃፓን በሯን ለምዕራባውያን ስትከፍት የዘይት ቀለም ገባ። በዚያ ጊዜ ነው የአገሩን ሥዕል ከውጭው የሚለይ ስም ያስፈለገው። እኛም «የባህል ልብስ» የሚል ስም ያስፈለገን ሱፍና ጂንስ ከመጡ በኋላ ሳይሆን አይቀርም። ሌላ ከሌለ ልብስ ልብስ ነው።

በዚያ ዘመን ብዙ ጃፓናውያን የአገራቸውን ሥዕል ኋላ ቀር አድርገው ማየት ጀምረው ነበር። በ1878 በቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ለማስተማር የመጣው አሜሪካዊ ኧርነስት ፌኖሎሳና ጃፓናዊው ኦካኩራ ካኩዞ ይህን አስተሳሰብ ተቃወሙ። የቶኪዮ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም በእነሱ ጥረት በ1889 ማስተማር ጀመረ። መጀመሪያ ላይ የሚሰጠው የአገሩ ጥበብ ብቻ ነበር፤ የምዕራባውያኑ ሥዕል ክፍል የተጨመረው በ1896 ነው።

የእነዚህ ሰዎች ሐሳብ የድሮውን ሥዕል እየገለበጡ መኖር አልነበረም። የድሮውን ዕቃና ዘዴ ይዘው አዲስ ሥዕል መሥራት ፈለጉ። ያ ትምህርት ቤት ዛሬ የቶኪዮ የሥነ ጥበባት ዩኒቨርሲቲ ተብሏል። ሂሮሺ ሴንጁ በ1982 የመጀመሪያ ዲግሪውን ያገኘው፣ በ1987ም የዶክትሬት ትምህርቱን ያጠናቀቀው እዚያ ነው።

የፕሮፌሰሩ ሦስት ልጆች

አሁን ወደ ሰውየው እንምጣ። ሴንጁ በ1958 ቶኪዮ ውስጥ ተወለደ። አባቱ በታዋቂው ኬዮ ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና ዘርፍ ፕሮፌሰር ነበሩ። በእንዲህ ዓይነት ቤት ልጅ ምን ሊሆን እንደሚጠበቅ እናንተም ታውቃላችሁ፤ እኛም አገር የምሁር ልጅ «ዶክተር ነው ኢንጂነር?» ነው የሚባለው።

ከቤቱ ሦስት ልጆች ሦስቱም ወደ ጥበብ ሄዱ። የበኩሩ ሂሮሺ ሠዓሊ ሆነ። በ1960 የተወለደው አኪራ ኬዮ ዩኒቨርሲቲ ምሕንድስና ጀምሮ አቋረጠና የቶኪዮ የሥነ ጥበባት ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የሙዚቃ ደራሲ ሆነ። የመጨረሻዋ ማሪኮ በ1962 ተወለደች። ቫዮሊን ተጫዋች ናት፤ በ12 ዓመቷ ከታዋቂው የኤን ኤች ኬ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ጋር መድረክ ወጣች።

እናታቸው ፉሚኮ ሴንጁ ስለ ልጆቻቸው አስተዳደግ መጻሕፍት ጽፈዋል፤ በጃፓን ብዙ ወላጆች አንብበዋቸዋል። አንባቢ ግን ከዚህ ቤት «ልጅን አርቲስት የማድረጊያ ዘዴ» ቢፈልግ ይቸገራል። ማሪኮ በልጅነቷ «ተአምረኛዋ ልጅ» እየተባለች ያደገችበት ጫና ከብዷት በ20 ዓመቷ አካባቢ ቫዮሊኗን አስቀምጣ ነበር። ወደ ሙያዋ የተመለሰችው ከሁለት ዓመት ያህል በኋላ ነው። ዲግሪዋም በፍልስፍና እንጂ በሙዚቃ አይደለም። አኪራም እንዳያችሁት መንገዱን ያገኘው ከጀመረው ትምህርት ወጥቶ ነው።

እኔ ከዚህ የምወስደው አንድ ነገር ነው። የምሕንድስና ፕሮፌሰር ቤት የተወለዱ ሦስት ልጆች የአባታቸውን ሙያ አልወረሱም። አንድን ነገር እስከ ጥግ የማጥናት ልማድ ግን ሦስቱም አላቸው። ድንጋይ ፈጭቶ፣ ሙጫ መጥኖ፣ የቀለም ፍሰትን ፍጥነት እያሰላ የሚሠራ ሰው ከምሕንድስና በጣም ርቋል ትላላችሁ? ልጅ የሚወርሰው ሁልጊዜ እኛ ውረስ ያልነውን አይደለም።

ሰሌዳው ሲቆም

የኒሆንጋ ቀለም ቀጭን ስለሆነ እንዳይፈስ ሠዓሊዎች ወረቀቱን ወለል ላይ አስተኝተው ነው በአብዛኛው የሚሠሩት። የቀለም መውረድ ለእነሱ ጥፋት ነው። ሴንጁ ለፏፏቴው ያደረገው ተቃራኒውን ነው። ሰሌዳውን አቆመው። ሌሎች የሚሸሹትን መፍሰስ የሥዕሉ ዋና ነገር አደረገው።

ከፏፏቴው በፊት የመጣ ሌላ ሥራ ነበረ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በሃዋይ ደሴት የኪላዌያ እሳተ ገሞራ ያለበትን አካባቢ ተመልክቶ «ፍላትዎተር» የተባሉ ሥዕሎችን ሠራ። ገና የቀዘቀዘ ጥቁር መሬትና በላዩ የተኛ ጸጥ ያለ ውሃ ነው የሚታይባቸው። ሰው ከመፈጠሩ በፊት የነበረች ምድርን የሚያዩ ይመስላል። ከዚያ የተኛው ውሃ ቆመና ፏፏቴ ሆነ። በ1993 መኖሪያውን ወደ ኒው ዮርክ አዛወረ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም የቬኒሱ ሽልማት መጣ።

አሠራሩ ሲነገር ቀላል ነው። ወረቀቱ በሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፣ መደቡ ይጠቁራል፣ ቀጠን ያለው ነጭ ቀለም ከላይ ይፈስሳል። ቀለሙ በራሱ ክብደት ሲወርድ ይከፈላል፣ ይገናኛል፣ አንዳንድ ቦታ ይደርቃል። ከዚያ በአየር ግፊት የሚረጭ መሣሪያ ተይዞ የጉሙ ተራ ይሆናል፤ ከፏፏቴው ግርጌ የሚነሣው ጭጋግ የሚሠራው በዚህ ነው። መሣሪያው ዘመናዊ ነው። ሴንጁ ለጉሙ የሚሻለው እሱ ስለሆነ ተጠቀመበት፤ ድንጋዩንና ወረቀቱን ግን አልለወጠም።

ጢስ ዓባይን በክረምት ማብቂያ ያያችሁ ይህ ጉም ለምን እንደሚያስፈልግ ትረዳላችሁ። የአካባቢው ሰው ቦታውን የሰየመው በውሃው አይደለም፤ ከውሃው በሚነሣው ጢስ ነው። ፏፏቴን ፏፏቴ የሚያደርገው፣ ከሩቅም የሚያስታውቀው እሱ ነውና። የሴንጁ ሥዕል ግማሹ ውሃ ከሆነ ግማሹ ጢስ ነው።

ለገደሎቹ ደግሞ ሌላ ዘዴ አለው። ወረቀቱን በእጁ ይጨመድደውና መልሶ ይዘረጋዋል። ቀለም ሲፈስበት በእጥፋቶቹ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ስንጥቁና ጠርዙ በራሱ ይወጣል። ተራሮችም የተፈጠሩት ምድር ተጨምድዳ አይደል? በጥቁሩ ፏፏቴ የጀመረው ሰው አንዳንድ ሥራዎቹን ደግሞ በሚያበራ ቀለም ሠርቷል። እነዚህ በተለመደው ብርሃን ነጭ ሆነው ይታያሉ፤ መብራቱ ጠፍቶ አልትራቫዮሌት ብርሃን ሲበራባቸው ሰማያዊ ይሆናሉ። አንዱ ሥዕል ቀንም ሌሊትም አለው ማለት ነው።

በሦስቱም ዘዴዎች የሚደጋገም ነገር ታያላችሁ። ሠዓሊው ተፈጥሮን እያየ አይገለብጣትም። ነገሩን ያሰናዳል፣ ከዚያ እጁን ሰብሰብ አድርጎ ስበቱን፣ እጥፋቱን፣ ብርሃኑን እንዲሠሩ ይተዋቸዋል። ማሰናዳቱ ግን ዓመታት የፈጀ ነው፤ ቀለሙ ትንሽ ከወፈረ አይወርድም፣ ትንሽ ከቀጠነ ይጠፋል።

ሠላሳ ዓመት አንድ ፏፏቴ

እኔ የምተዳደረው በማርኬቲንግ ሥራ ነው። በእኛ ሙያ «አዲስ» የሚለው ቃል ንጉሥ ነው። በየሩብ ዓመቱ አዲስ ማሸጊያ፣ አዲስ መፈክር፣ አዲስ ቀለም ይጠየቃል። ደንበኛ ይሰለቻል ብለን እንፈራለን። ስለዚህ ከሠላሳ ዓመት በላይ ፏፏቴ እየሣለ ያለን ሰው ሳይ መጀመሪያ የመጣብኝ ጥያቄ የሙያዬ ጥያቄ ነበር፦ ሰው እንዴት አልሰለቸውም?

መልሱን ሥዕሎቹን ጎን ለጎን ሳያቸው ያገኘሁ ይመስለኛል። የሚፈስ ቀለም ሁለት ጊዜ በአንድ መንገድ አይወርድም። ሠዓሊው ቢፈልግ እንኳ የትናንቱን መድገም አይችልም። ርእሱ አንድ ነው፤ ውሃው ግን ሁልጊዜ ሌላ ነው። አዲስ ነገር ርእስ በመቀየር ብቻ አይመጣም። አንድ ነገር ላይ መቆየትም ያመጣዋል።

ይህ ለቤታችንም ይሠራል ብዬ አስባለሁ። ልጆቻችንን ቅዳሜ ዋና፣ እሑድ ፒያኖ፣ በክረምት ደግሞ ኮዲንግ እናስመዘግባለን። መልካም ነው፤ ልጅ ምርጫውን በመሞከር ያገኛል። ነገር ግን ከሦስት ወር በኋላ «ሰለቸኝ» ሲሉን ወዲያው ወደ ሌላ ከማዘዋወራችን በፊት ስልቸታው ከየት እንደመጣ እንጠይቅ። አንዳንዱ ስልቸታ «ይህ የእኔ አይደለም» ነው፤ ያኔ መልቀቅ ይገባል። ሌላው ስልቸታ ደግሞ ነገሩ ከበድ ማለት ሲጀምር የሚመጣ ነው፤ ሙጫው አልቀልጥ ሲል የሚመጣው ዓይነት። ያንን አልፎ ያለውን ነገር ልጁ ሊያየው የሚችለው ትንሽ አብረነው ከቆየን ነው።

ቤተ መቅደስ፣ ሙዚየምና የተበላሸው ቤት

የሴንጁን ሥራዎች የት ማየት ይቻላል? ጃፓን ለሚሄድ ሰው ቅርቡ ቦታ በቶኪዮ የሚገኘው የሃኔዳ አውሮፕላን ማረፊያ ነው፤ መንገደኛ ሻንጣውን እየጎተተ የሚያልፍባቸው ሥራዎቹ እዚያ አሉ። በናጋኖ ግዛት ካሩኢዛዋ በተባለች የተራራ ከተማ ደግሞ በስሙ የተሰየመ ሙዚየም በ2011 ተከፍቷል። የሠራው አርክቴክት ሪዩዌ ኒሺዛዋ መሬቱን ሳይደለድል ወለሉን የቦታውን ተዳፋት እንዲከተል አድርጎታል። በውስጡ በመስተዋት የተከበቡ ትናንሽ የአትክልት ቦታዎች ስላሉ ጎብኚው በሥዕልና በዛፍ መካከል ነው የሚሄደው።

ትልልቆቹ ሥራዎቹ ያሉት በቡድሃ ቤተ መቅደሶች ነው። በጃፓን ባህላዊ ቤት ውስጥ ክፍሎችን የሚለዩት ፉሱማ የሚባሉ በወረቀት የተሸፈኑ ተንሸራታች በሮች ናቸው፤ ከጥንት ጀምሮ ታላላቅ ሠዓሊዎች ይሥሉባቸዋል። ሴንጁ በኢቶ ከተማ ለሚገኘው የዳይቶኩጂ ጁኮኢን ቅርንጫፍ 77 የፉሱማ ሥዕሎችን ሠርቶ በ2002 አስረክቧል። ኩካይ የተባለው መነኩሴ በ816 በመሠረታት የኮያ ተራራ ደግሞ ለኮንጎቡጂ ቤተ መቅደስ ፏፏቴና ገደል የተሣሉባቸው 44 የፉሱማ ሥዕሎች ሠርቷል፤ በ2020 ለቤተ መቅደሱ ተበርክተዋል። የ1,200 ዓመት ታሪክ ያለው ስፍራ በሕይወት ላለ ሠዓሊ ግድግዳውን መስጠቱ ቅርስ እንደ ሙት ዕቃ እንደማይታይ ያሳያል።

ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው ታሪክ ያለው አሜሪካ፣ ፊላደልፊያ ውስጥ ነው። ሾፉሶ የተባለው የጃፓን ቤት በ17ኛው መቶ ዘመን አሠራር በጃፓን ተገንብቶ በ1954 በኒው ዮርክ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ግቢ ለሕዝብ ታየ። በ1958 ወደ ፊላደልፊያው ፌርማውንት ፓርክ ተዛወረ። በውስጡ የዘመኑ ታላቅ የኒሆንጋ ሠዓሊ የነበረው ካዪ ሂጋሺያማ የሣላቸው ሥዕሎች ነበሩ። በ1974 አጥፊዎች ገብተው ሥዕሎቹን አወደሟቸው። ቤቱ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ያለ እነዚያ ሥዕሎች ቆየ።

በ2007 ሴንጁ ለዚህ ቤት 20 የፏፏቴ ሥዕሎች በስጦታ አበረከተ። የጠፉትን የሂጋሺያማን ሥዕሎች አስመስሎ ለመሥራት አልሞከረም። የራሱን ፏፏቴ አመጣ። ቤቱ የድሮ ነው፣ ዘዴው የድሮ ነው፣ ሥዕሉ ግን የዚህ ዘመን ሰው ነው። የቅርስን ጥያቄ በዚህ መንገድ መመለስ ይቻላል። የጠፋ ነገር እንደነበረው አይመለስም፤ ቦታው ባዶ እንዳይቀር ግን ከራሳችን የሆነ ነገር ልናስቀምጥበት እንችላለን። በዋሽንግተን፣ በኒው ዮርክ ወይም በዚያው በፊላደልፊያ ዘመድ ያላችሁ፣ ለጉብኝት ስትሄዱ ከገበያ አዳራሹ ቀንሳችሁ ግማሽ ቀን ብትሰጡት አትቆጩም። ለልጆችም ሰፊ የአትክልት ስፍራና የዓሣ ኩሬ አለው።

በቤት ውስጥ ፏፏቴ

ወደ ፊላደልፊያ መሄድ የማትችሉ አታስቡ፤ ፏፏቴውን መታጠቢያ ቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል። ከልጆቻችሁ ጋር በአንድ የቅዳሜ ከሰዓት ሞክሩት።

ከጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ጠንካራ ጥቁር ካርቶንና በውሃ የሚቀጥን ነጭ ቀለም ግዙ። ቀለሙን በኩባያ ውስጥ እንደ ወተት እስኪሆን አቅጥኑት። ካርቶኑን መታጠቢያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ አስደግፋችሁ አቁሙት፤ ከሥሩ የድሮ ፎጣ አንጥፉ። ልጃችሁ በማንኪያ ቀለሙን ከላይኛው ጠርዝ ላይ ቀስ እያለ ያፍስስ። ከዚያ እጁን ይሰብስብና ይይ። ግርጌው ላይ በመርጫ ጠርሙስ ውሃ ፊሽ ብታደርጉበት ጢሱ ይነሣል።

የመጀመሪያው ምናልባት አያምርም። ቀለሙ ወፍሮ መንገድ ላይ ይቆማል፣ ወይም ቀጥኖ ይጠፋል። «አበላሸኸው» አትበሉት። «ቀለሙ ምን ሆነ?» ብላችሁ ጠይቁት። ሦስተኛው ወይም አራተኛው ላይ ራሱ መመጠን ይጀምራል። ገደል ከፈለገ ደግሞ ሌላ ወረቀት ጨምድዶ ይዘርጋና ቀለም ያፍስስበት። ሲደርቅ በግድግዳችሁ ላይ ስቀሉት፤ ስሙንና ቀኑንም በጀርባው ጻፉ።

ልጃችሁ ሠዓሊ ይሁን አይሁን ያን ቀን አትወስኑም። የሚማረው ነገር ግን ለሐኪሙም፣ ለኢንጂነሩም፣ ለነጋዴውም ይጠቅማል። በደንብ ማሰናዳት የእኛ ድርሻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ነገሩ በራሱ መንገድ እንዲወርድ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ልጅ ማሳደግም ከዚህ ብዙ የራቀ አይመስለኝም።

የሠራችሁትን ፏፏቴ ፎቶ አንሥታችሁ ለዝግጅት ክፍላችን ብትልኩልን ደስ ይለናል። በሚቀጥለው ወር በሌላ ርእስ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!